ቀበሌና መዋዕለ ሕፃናት

ስለ ደርግ ዘመን የተጻፉ ልቦለዶችንና ትዝታዎችን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። የቀበሌው እስር ቤት አለ፤ የኅብረት ሱቁ ሰልፍ አለ፤ የቀበሌውን መዋዕለ ሕፃናት ግን እምብዛም አላገኘውም። አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቀበሌን ሲያቋቁም፣ በየሰፈሩ ድሃው ልጁን በትንሽ ክፍያ ፊደል የሚያስቆጥርበት ቤትም ተከተለ። ቀድሞም ቢሆን የኔታን ሲያኖር የኖረው ሰፈሩ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ «ኬጂ» የግል ገበያ ሲሆን፣ የቀረብንን የሚያስታውሰን ገጽ አልነበረንም። እስር ቤቱ ይጻፍ፤ ይገባዋል። ዳሩ ግን ሬሳ ያነሳውም፣ ለጠመኔ ያዋጣውም ያው ሰፈርተኛ ነው። ግማሹ ሳይጻፍ ቀርቶ፣ የዛሬው ወላጅ «ሰፈርም ትምህርት ቤት ያቆማል» ስንለው ተረት ቢመስለው ይፈረድበታል እንዴ?