ከክብደቱ ይልቅ ፍጥነቱ

ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ ተነስቶ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ በልብስ ሰፊዎቹ መካከል የወረደ ሰው ጊደር መጋላ ይደርሳል። ቢላ ወይም ማጭድ የሚገዛ ገበያተኛ ስለቱን በአውራ ጣቱ ይሞክራል፤ ብረቱ እንዴት እንደተመታ ግን አይጠይቅም። ቢጠይቅ ይሻለው ነበር።

ለአንጥረኛ አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ሀብት ነው። ካርቦኑ በርከት ስለሚል ስለት ይይዛል፤ አመለኛነቱም ከዚሁ ይመጣል። ከፍሙ ብርቱካናማ ሆኖ ሲወጣ መዶሻ ያረፈበት ቦታ ይተኛል፣ ይሰፋል፣ ጥቁር ቅርፊቱ መስፉ ላይ ይረግፋል። ቀለሙ ወደ ደብዛዛ ቀይ ሲወርድ ምቱ ይነጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። የበሰለ ባለሙያ ያኔ እጁን ሰብስቦ ብረቱን ወደ ፍሙ ይመልሳል። ብረት የሚለመጠው ውስጡ ተንሸራቶ ቦታ ሲለቅ ነው፤ ለዚህም ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋል። የቀዘቀዘን ብረት በፍጥነት መምታት ሁለቱንም መንፈግ ነው፤ ይሰነጠቃል።

ጀማሪን ሁልጊዜ ከባድ መዶሻ ያምረዋል፤ ወሳኙ ግን ክብደቱ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ሆፕኪንሰን በ1872 እ.ኤ.አ. በተንጠለጠለ የብረት ሽቦ ጫፍ ላይ ክብደት እየጣለ ሲፈትን፣ ሽቦውን የሚበጥሰው በዋናነት የክብደቱ መጠን ሳይሆን የወደቀበት ከፍታ፣ ማለትም ፍጥነቱ ሆኖ አገኘው። የሚገርመው፣ ሽቦው ከተመታበት ከታች ሳይሆን ከታሰረበት ከላይ የሚበጠስበት ጊዜ ነበር። የምቱ ሞገድ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የታሰረው ጫፍ ላይ ደርሶ ሲመለስ በራሱ ላይ ይደረብና ጫናውን እጥፍ ያደርገዋል።

ሐረር ከመዶሻ የፈጠነውንም ምት ታውቃለች። ምኒልክ ከጨለንቆ ውጊያ በኋላ ከተማዋን በያዙበት በ1879 ዓ.ም. ዘመን በአገሩ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ የፈረንሳዩ ግራ ነው። 25 ግራም የሚመዝነው የእርሳስ ጥይቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ጉልበቱ 2,500 ጁል ይሆናል። በሰከንድ 8 ሜትር የሚወርድ ባለ 2 ኪሎ መዶሻ ጉልበት ግን 64 ጁል ብቻ ነው። እርሳስ በጥፍር የሚጫር ለስላሳ ነገር ሆኖ ሳለ በዚያ ፍጥነት አጥንት ያደቃል። ፍጥነቱ በሰከንድ ብዙ ኪሎ ሜትር ሲደርስ ደግሞ ጠንካራው ብረት ራሱ እንደ ውሃ ይፈሳል።

ቤቱ መዶሻ ያለው አንባቢ አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ መዶሻን በመዶሻ አይምቱ። የሁለቱም ፊት የጠነከረ ስለሆነ አይለመጥም፤ ተፈንጥሮ የሚወጣው ስባሪ ዓይን ያጠፋል።