«ጊዜው ሲደርስ»፦ የመጠበቅ ስብከትና የእንጦጦ ፀበልተኞች

ከጉለሌ ራስጌ ስላለው የእንጦጦ ማርያም ፀበል ሲወራ ፀበልተኛው ወይ ከሐኪም የሸሸ የዋህ ነው፤ ወይ የትዕግሥት አርአያ ነው። እንዴት እንደሚጠብቅ ግን ብዙም አይጠየቅም። በእኔ ንባብ የእንጦጦው መጠበቅ በየመድረኩ «የእግዚአብሔር ጊዜ» እየተባለ ከሚሰበከው መጠበቅ የበለጠ ሥርዓት ያለው ነው፤ የተበደለውም በዚሁ ስብከት ነው።

ሱባኤ የሚያዘው በቀን ነው፤ ሰባት፣ አሥራ አራት፣ ሃያ አንድ። ፀበልተኛው ሳይነጋ በባዶ ሆዱ ይሰለፋል፣ ይጠመቃል፣ ይጠጣል። ሱባኤው ሲያልቅ ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ይጨምራል ወይም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቆጠራው እግዚአብሔርን በቀጠሮ ለማሰር አይደለም። ለሕመምተኛው ግን «አሁንስ ምን ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቀን ይሰጠዋል።

የመዘግየት ስብከት፣ በኦርቶዶክሱም በፕሮቴስታንቱም ዘንድ፣ እንዲህ ያለ ቀን የለውም። የሚወደው ታሪክ የአልዓዛር ነው። ጌታ መታመሙን ሰምቶ ባለበት ሁለት ቀን ቆየ፤ ሲደርስ ሟቹ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነበር። ሰባኪው እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምእመኑን ያንጠለጥልና ወዲያው ወደ መቃብሩ ደጃፍ ይሮጣል። የሚዘለው ማርታን ነው። ማርታ መንገድ ድረስ ወጥታ፣ አንተ ብትኖር ወንድሜ ባልሞተ ነበር ስትል ፊት ለፊት ወቀሰችው። ጌታ አልገሠጻትም፤ ቆሞ ስለ ትንሣኤ አነጋገራት። እኅቷ ማርያምም መጥታ ያንኑ ደገመችለት፤ እሱም አለቀሰ። ዮሐንስ ለእነዚህ ንግግሮች ከተአምሩ የበለጠ ቦታ መስጠቱ ልብ ሊባል ይገባል፤ የዘገየበት ሰው ቅሬታ እዚያ የእምነት ጉድለት ሆኖ አልተቆጠረም። ይህ ሲዘለል የሚቀረው ትርኢት ነው። ምስክርነቱም በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ ማይክ የሚይዙት ልጅ የወለደችውና ቪዛው የመጣለት ናቸው። ገና የምትጠብቀው ሴት ወንበሯ ላይ ሆና እልል ትላለች።

ጉዳቱ በ1990ዎቹ ገሃድ ወጣ። ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው ብዙ ሰዎች በእንጦጦ ዙሪያ ደሳሳ ክፍሎች ተከራይተው ይጠመቁ ነበር። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው ተብለው የጣሉት ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ፀበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በይፋ ተናገሩ። ይህን ቤተ ክርስቲያን ለዘመናዊ ሕክምና እጅ እንደ ሰጠች አድርጎ ማንበብ ይቀላል፤ ስሕተት ግን ነው። 81ዱን መጻሕፍት የምትቀበል ቤተ ክርስቲያን የሲራክ 38ኛ ምዕራፍ አላት፤ እዚያ ሐኪም ይከበራል፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣውም እግዚአብሔር ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስም 15 ዓመት እንደ ተጨመረለት ከተነገረው በኋላ ኢሳይያስ እባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዟል። ፓትርያርኩ የተናገሩት አዲስ ትምህርት አልነበረም። የዘገየ ነበር፤ ይህን መዘግየት ደግሞ የእግዚአብሔር ጊዜ ብሎ የሚሰብክልኝ እንዳይመጣ። ክኒን አስጥሎ፣ ሰውየው ሲሞት «ቀኑ ደርሶ ነው» ማለት የራስን ጥፋት በፈጣሪ ስም ማስመዝገብ ነው።

ለፀበልተኛው በሰዓት መኖር እንግዳ አልነበረም። የዚያን ጊዜው መድኃኒት በአብዛኛው በየ12 ሰዓቱ የሚዋጥ ነበር፤ እሱም ሌሊት በሰዓቱ ተነሥቶ የሚሰለፍ፣ ጾሙን በሰዓት የሚፈታ ሰው ነው። ክኒናቸውን በፀበል የሚውጡም ነበሩ። ለሲራክ 38 ከዚህ የተሻለ አንድምታ አላገኘሁም።