ጨው ለቀነሰ ቤት የሚበጀው መጽሐፍ የትኛው ነው?

ሐኪም «ጨው ቀንስ» ያለው ሰው በመጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን ስለ ምሳው ነው። ቤተሰቡም የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይገዛለታል። ይሁን እንጂ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ሁሉ አይጠቅምም፤ ከመግዛት በፊት በሦስት ጥያቄዎች መመዘን ይገባል።

አንደኛ፤ ልኩን በቁጥር ይናገራልን? «ጨው እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል መጽሐፍ የደም ግፊት ላለበት ሰው ምንም አልነገረውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። መጽሐፉ የሚጽፈው ሶዲየሙን ከሆነ፣ በ2.5 አባዝቶ የጨውን ልክ ማግኘት ይቻላል፤ 800 ሚሊግራም ሶዲየም ያለው ምግብ 2 ግራም ጨው አለው ማለት ነው። ተማሪዎች ይህን ስሌት በክፍል ቢለማመዱት ለቤታቸውም ይተርፋል።

ሁለተኛ፤ ስውሩን ጨው ያጋልጣልን? ወጡ ላይ ጨው ባይነሰነስም፣ ጨው አብሮት የተፈጨ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ ወይም ሽሮ ከገባበት ልፋቱ ከንቱ ነው። ዳቦ፣ የሾርባ ኩብና የታሸገ ምግብም ጨው አያጡም። መጽሐፉ ፖታሲየም ያለበትን ምትክ ጨው የሚመክር ከሆነ ደግሞ፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይወስደው ማስጠንቀቅ አለበት።

ሦስተኛ፤ ለጎደለው ጣዕም ምን ይተካል? በዚህ በኩል ክሬግ ክሌይቦርን ከፒየር ፍራኔ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው መጽሐፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክሌይቦርን የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የምግብ አምድ አዘጋጅ ነበር። የደም ግፊት ይዞት ሐኪም ጨው ሲያስቀንሰው፣ የጨውን ጣዕም በሎሚ፣ በኮምጣጤና በቅመማ ቅመም ለመተካት ሞከረ፤ የየምግቡንም የሶዲየም ልክ ጻፈ። ጉድለቱ ለእኛ ነው፤ የተጻፈው ለአሜሪካ ወጥ ቤት ነውና። ስለዚህ የምግቡን ዓይነት ሳይሆን ዘዴውን እንውሰድ፤ ያለ ጨው የተዘጋጀ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በእጃችን አሉ።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ታማሚውን ከመሶቡ ለይቶ ለብቻው የሚያበላ መጽሐፍ ነው። በእኛ ዘንድ ለብቻ መብላት ራሱ ቅጣት ነው፤ ሰውየውም ብዙ ሳይቆይ ወደ ቀድሞው ወጥ ይመለሳል። ቤተሰቡ ሁሉ ከአንድ ትሪ የሚቆርስበትን፣ ጨው የተቀነሰበትን ወጥ የሚያስተምር መጽሐፍ ከተገኘ ግን ዋጋው ቢወደድም ይገዛ።