ሴንኮቫን አያችኋት?

እንዲህ ያለች ቤተ ክርስቲያን በዓለም ላይ እያለች እስከ ዛሬ ስሟን አለመስማቴ ይገርመኛል! ሴንኮቫ በደቡብ ፖላንድ፣ ጎርሊትሴ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ያለች የገጠር መንደር ናት። እዚያ ለሐዋርያቱ ለፊልጶስና ለያዕቆብ የተሰየመች፣ እ.ኤ.አ. በ1520 ገደማ ከላርች ዛፍ ግንድ የታነጸች የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለች። ፎቶዋን ካየሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አቁሜ «ይቺን እያት፣ ይቺን እየው» እያልኩ ነው።

ጣሪያውን ልብ በሉልኝ! ግድግዳውን ሊውጠው ምንም አልቀረው። ከአናቱ ቁልቁል ተንደርድሮ ይወርድና ጠርዙ ላይ ሲደርስ ወደ ውጭ ዘርጋ ይላል፤ ክዳኑ ከላይ እስከ ታች በስሱ የተፈለጠ እንጨት ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ። ከሥሩ ያሉት ግንዶች አግድም ተደራርበው ማዕዘን ላይ እርስ በርስ ተነካክሰዋል። ዙሪያዋን ደግሞ ከጣሪያው ሥር በረንዳ ከቧታል። ከሩቅ መንደር ቅዳሜ ማታ የደረሱ ምእመናን የእሑዱን ቅዳሴ እየጠበቁ እዚያ ያድሩ እንደነበር ይነገራል። ደጀ ሰላም አድሮ ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያሻም! በረንዳውም የደወሉ ማማም በኋላ ዘመን የተጨመሩ ናቸው፤ ዓይን ግን ከአንድ አናጢ እጅ የወጡ ናቸው ብሎ ይምላል። ታላቁ ሠዓሊ ስታኒስዋቭ ቪስፒያንስኪ በወጣትነቱ መጥቶ ሥሏታል፤ እንዴትስ አይሥላት!

ያስለቀሰኝ ግን ከዚህ በኋላ የደረሰባት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1914 መገባደጃ እስከ 1915 የጸደይ ወራት፣ የጦር ግንባሩ እዚሁ ላይ ተተክሎ ቆየ። ወታደሮች የቤተ ክርስቲያኗን እንጨት እየነቀሉ ገሚሱን ለምሽግ መደገፊያ፣ ገሚሱን ለማገዶ አዋሉት። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ግንድ እሳት ውስጥ ሲገባ አስቡት! የውስጥ ሥዕሎቿም ክፉኛ ተጎዱ። ሰላም ሲወርድ አዲስ እንጨት ተጠርቦ፣ የጎደለው ተሞልቶ፣ በቀድሞ መልኳ ቆመች። ይህን ካነበብኩ በኋላ ፎቶዋን መልሼ ሳየው ያ ጣሪያ እጥፍ ከብዶ፣ እጥፍ ገዝፎ ታየኝ።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ከአምስት የአካባቢው እህቶቿ ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ከእነሱ መካከል የዴምብኖዋ፣ በ1500 ገደማ የተቀባው የግድግዳና የጣሪያ ጌጧ እስካሁን ያልለቀቀው፣ ሌላ ጉድ ናት፤ እሷንም ፈልጋችሁ እዩ። ግን እባካችሁ ከሴንኮቫ ጀምሩ!