«ኦርጅናል» ስንል

መቀሌ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ልብስ የሚሸጥ ልጅ ጃኬት እያራገፈ «ኦርጅናል ነው፣ ሳልባጅ ነው» ቢላችሁ ግራ አትጋቡም። ግን አስቡት እስቲ። ሳልባጅ ሌላ ሰው ለብሶት፣ ሰልችቶት፣ በቦንዳ ታስሮ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ልብስ ነው። አጠገቡ ከነላስቲኩ የተሰቀለው አዲስ ጃኬት ደግሞ «ኮፒ» ይባላል። እኛ ጋ አሮጌው ኦርጅናል፣ አዲሱ ኮፒ ነው።

ይህን እንደ ቀልድ አትዩት። የቃሉን ታሪክ ስትከተሉት፣ ልጁ ቴሌግራም ላይ የመጽሐፍ ግምገማ ከምንጽፈው ከብዙዎቻችን ይልቅ ለጥንቱ ትርጉም ይቀርባል።

ኦርጅናል ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ የገባ ቅጽል ነው። ሥሩ «ወጣ፣ ብቅ አለ» የሚል ግሥ ነው፤ ፀሐይ ወጣች እንደምንለው። እንግሊዝኛ ውስጥ በመካከለኛው ዘመን ብቅ ሲል ከ«ኃጢአት» ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ኦርጅናል ሲን፣ በእኛ ጥንተ አብሶ። በዚያ ትርጉሙ ኦርጅናል ከመጀመሪያው የነበረ፣ ከአዳም ጀምሮ የወረድንበት ነገር ነው። ማንም ሰው «የራሴ ፈጠራ ነው» ብሎ የሚኮራበት አልነበረም፤ እንዲያውም ኃጢአት ነው!

ከዚያ ቃሉ ቀስ እያለ ፊቱን አዞረ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከሰው ሁሉ ለየት ያለ፣ ወጣ ያለ ሰው «ኦርጅናል» ይባል ጀመር። በ1759 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኤድዋርድ ያንግ የተባለ አረጋዊ እንግሊዛዊ ገጣሚ ስለ ኦርጅናል ድርሰት አንድ ረጅም ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ እውነተኛ ሥራ እንደ ተክል ከራሱ ሥር ይበቅላል፣ ምስያው ግን በእጅ የሚገጣጠም ዕቃ ነው የሚል ነው። ያንግ ብቻውን ቃሉን አልቀየረውም፤ ሮማንቲኮቹ ተከትለው አነገሡት። «መጀመሪያ የነበረ» ማለት የነበረው «ከዚህ በፊት ያልነበረ» ሆነ።

ከያንግ በፊት ማን ይጨነቅ ነበር? ሼክስፒር ሮሚዮና ጁሌትን ሲጽፍ ታሪኩን የወሰደው አርተር ብሩክ በ1562 ካሳተመው ግጥም ነው፤ እሱም ከጣልያን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነበር። ከበደ ሚካኤል ደግሞ ወደ አማርኛ አመጡት። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አማርኛ የሰጠው ስም «ውርስ ትርጉም» ነው። ውርስ! የሥነ ጽሑፍ ቃላት ውድድር ቢኖር እኔ ድምፄን ለዚህ ነው የምሰጠው።

ዋናው ነገር ይኸው ነው። እንግሊዝኛ በአንድ ኦርጅናል ያጨቀውን እኛ ለያይተን አስቀምጠነው ነበር። ለመጀመሪያው ዘመን ጥንት አለን። ቅጂ ለተወሰደበት ሰነድ ዋናው እንላለን። ለድርሰት ደግሞ ወጥ አለን (ዶሮ ወጡን አይደለም)። «ወጥ ልቦለድ» ስንል ትርጉም ያልሆነ ማለታችን ነው፤ ቃሉ ግን የሚናገረው ስለ አዲስነት ሳይሆን ስለ አለመቀጣጠል ነው። ከዚህ ከመቀሌ ወደ ሰሜን ወጥታችሁ ውቅሮ ጨርቆስን ወይም አብርሃ ወአጽብሃን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ዓምዱ ከሌላ ቦታ ተጠርቦ አልመጣም፤ ጣሪያውና ዓምዱ አንድ አለት ናቸው። ወጥ ማለት ያ ነው። ፈልፋዩ ግን አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ አባቶቹ በእንጨትና በድንጋይ ሲሠሩት የኖሩትን ቤተ ክርስቲያን ነው አለት ውስጥ የደገመው። ወጥም ደጋሚም መሆን ይቻላል።

ትግርኛችን ደግሞ መበቆላዊ ይላል፤ ከበቆለ፣ ማለትም ከበቀለ። ያንግ ብዙ ገጽ የፈጀበትን ተክል ትግርኛ በአንድ ቃል ይዞታል። ኮፒውን ደግሞ ቅዳሕ ይለዋል፣ አማርኛው ቅጂ። ሁለቱም ከመቅዳት ናቸው፤ ውኃ ከጉድጓድ፣ ጠላ ከጋን እንደሚቀዳው። የቀዳ ሰው ሌባ አይባልም፤ የተቀዳው ውኃም ፎርጅድ አይደለም።

እነዚህ ሁሉ እያሉን ታዲያ ኦርጅናልን ስንበደር የወሰድነው የሱቁን ትርጉም ነው፦ ፋብሪካው የሠራው፣ ማኅተሙ ያለው፣ ያልተነካ። ለስልክና ለመኪና ዕቃ በጣም ጥሩ ቃል ነው፤ ፍሬን የምትቀይሩ ከሆነ እባካችሁ ኦርጅናል ግዙ። ችግሩ ቃሉ ከሱቅ ወጥቶ ወደ መጽሐፍ ሲመጣ ነው። «ኦርጅናል ድምፅ»፣ «ኦርጅናል ጸሐፊ» ስንል ስለ ሥራው ምን አልን? ብዙ ጊዜ ምንም። ገምጋሚው ያላነበበውን ነው እየነገረን ያለው፤ ከዚያ በፊት ማን ምን እንደጻፈ ካላወቀ ሁሉም ነገር ኦርጅናል ይሆንለታል። ደራሲዎችም ለዚሁ ቃል ሲሉ የተረጎሙትን መጽሐፍ የራሳቸው አስመስለው ያወጣሉ። የክብረ ነገሥት ጸሐፊዎች ተቃራኒውን ነበር ያደረጉት። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለው ቃል ሥራው ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መሆኑን ይናገራል። እውነት ይሁን አይሁን ምሁራን ይከራከሩበታል። እኔን የሚገርመኝ ግን «ተተርጉሞ ነው» ማለት ክብር የሚጨምርበት ዘመን መኖሩ ነው።

ኦርጅናል ሌላም የሚኖርበት ቦታ አለ፤ የቢሮ መስኮት። «ኦርጅናሉን ከኮፒው ጋር ይዘህ ና።» በሌላ ከተማ ይህ ተራ ዓረፍተ ነገር ነው። እዚህ ግን ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 የነበረው ጦርነት አልፏል። ቤቱ የተዘረፈበት፣ የተቃጠለበት፣ በለበሰው ልብስ ብቻ ወጥቶ ዓመታትን በትምህርት ቤት ግቢ ያሳለፈ ሰው አለ። ዲፕሎማው፣ የልደት ካርዱ፣ የቤት ካርታው አብሮ ቀርቷል። እኔም አንድ መስኮት ላይ የስልኬን ፎቶ አሳይቼ «ይኼ ኮፒ ነው» ተብያለሁ። ልጅቷ ትክክል ናት፤ ኮፒ ነው። «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚለው ማኅተም ዋናው ከሌለ የት ላይ ይመታል?

ስለዚህ ቃሉ ለእኔ የሥነ ጽሑፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ኦርጅናል ብቻ ይቆጠር ከተባለ እዚህ አገር ስንት ነገር ነው የሚሰረዘው? መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ግዕዙ ትርጉም ነው። በአራማይክ የተጻፈው ቁርጥራጭ ብራና ሆኖ ከቁምራን ዋሻዎች የወጣው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ግሪክኛውም ጎደሎ ነው። አድዋ አጠገብ አባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎችም፣ በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፉ ናቸው የተባሉት፣ ከግሪክኛ የተመለሱ ናቸው። ዓለም ሊያይ የሚመጣው ቅጂያችንን ነው።

አንዲት ገጣሚ ጓደኛ አለችኝ፣ በትግርኛ የምትጽፍ። ደብተሯ ከቤቷ ጋር ጠፋ። ስልክና ኢንተርኔት ሲመለስ ያደረገችው፣ ከጦርነቱ በፊት ግጥም ልካላቸው የነበሩትን ሁሉ መጠየቅ ነው። አንዱ ስክሪንሾት ነበረው። አንዷ በድምፅ ቀድታዋለች። አንድ ሰው በቃሉ ይዞት ነበር፣ ትንሽ አበላሽቶ። ዘንድሮ አንድ ውድድር ላይ ልታስገባቸው ቅጹን ስትሞላ «ሥራው ኦርጅናል መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል መስመር አገኘችና ለእኔ ላከችልኝ፦ «ምን ልበል?»

ግጥሞቹን ደጋግሜ አነበብኳቸው። ወጥ አይደሉም፤ ስፌቱ ይታያል። አንዱ ስንኝ የእሷ እስትንፋስ አለው፣ ቀጣዩ የሌላ ሰው ትውስታ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ቤት የማይመታበት ቦታም አለ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱ ግጥሞች ደካማ ናቸው፤ ደብተሩ ባይጠፋም ደካማ ይሆኑ ነበር ብዬ ነግሬያታለሁ። አንደኛው ግን በሁለት ሰዎች በኩል በሁለት መልክ ነው የተመለሰው። በአንዱ እናትየው በሩን ትዘጋለች፣ በሌላው ክፍት ትተወዋለች። የትኛውን እንደጻፈች አታስታውስም። አንዱን ምረጪ ብላት እምቢ አለች፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፋ ቅጹ ላይ ፈረመች።