ቀን የተቀዳ የሌሊት ሙዚቃ

የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1978 «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለውን ካሴት ከዳህላክ ባንድ ጋር ሲሠራ ስቱዲዮ አልገባም። አዲስ አበባ ግዮን ሆቴል ውስጥ፣ ባንዱ ማታ ማታ በሚጫወትበት ናይት ክለብ፣ ከሰዓት በኋላ ለልምምድ በሚገናኙበት ጊዜ ቀዱት። ሦስት ቀን በቃቸው። ሥራውን ደጋግሜ ስሰማው የሚደንቀኝ ግን ቶሎ ማለቁ አይደለም። በሦስት ቀን ያለቀ ሥራ ውስጥ አንድም ቦታ ጥድፊያ አለመሰማቱ ነው።

ይህን እርጋታ ያስተማራቸው ሌሊቱ ይመስለኛል። ጊዜው የደርግ ነው፤ ከተማዋ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በሰዓት እላፊ ሥር ነበረች። ማታ ክለብ የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት መውጫ የለውም፤ እዚያው ያነጋል። ባንዱም አብሮት ያነጋል። ሰው እስኪነጋ ሲጨፍር፣ እስኪነጋ የሚያስጨፍረው ያስፈልጋል። እንዲህ ባለ ሌሊት ከበሮ መቺው ምቱን ሳያስሮጥም ሳያጎትትም መያዝ ይለምዳል። ቤዝ ጊታሩ አንዲት አጭር ሐረግ ሳትሰለች ሺህ ጊዜ እንዴት እንደምትመላለስ ያውቃል። ሳክስፎንና ትራምፔት የያዙት ደግሞ ከሁሉ የሚከብደውን፣ ዝም ብሎ ተራ መጠበቅን ይማራሉ።

እንዲህ አብሮ ማደር ለሙዚቃ እንደሚጠቅም ሌሎችም ያውቃሉ፤ በዌልስ ገጠር ሮክፊልድ የሚባል በእርሻ ግቢ ውስጥ የተሠራ ስቱዲዮ አለ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ባንዶች እዚያው እየበሉ፣ እዚያው እያደሩ አልበም ይቀዱበታል፤ የእንግሊዙ ባንድ ኩዊን «ቦሂሚያን ራፕሶዲ»ን በ1975 መቅዳት የጀመረው እዚያ ነው። ወደዚያ የሚሄዱት ከወከባ ርቀው፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እስኪያውቅ አብረው ለመክረም ነው። ዳህላኮች ለዚህ የትም መሄድ አላስፈለጋቸውም። የሚያመሹበት፣ የሚያነጉበት፣ የሚለማመዱበትና የቀዱበት ቦታ አንድ ነበር።

የኃይሉ የራሱ ባንድ ዳህላክ እንዳልነበረ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። እሱ የዋልያስ ሰው ነው፤ ዋልያሶች ሂልተን ሆቴል ይጫወቱ ነበር። ለእኛ ለስሜን ሰዎች ይህ ስም ቅርብ ነው። ከደባርቅ ተነስቶ እስከ ጨነቅ የዘለቀ፣ ወይም በጃናሞራ በኩል ገደሉን እያየ ያደገ ሰው «ዋልያስ» ሲባል ቀድሞ የሚታየው ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመው እንስሳ ነው። ዋልያሶች ካሴቱ ከመቀዳቱ በፊት በነበረው ዓመት «ቸ በለው»ን በሸክላ አሳትመዋል። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን የተጫወተበት፣ የግርማ በየነ «ሙዚቃዊ ስልት» ያለበት ትልቅ ሥራ ነው። ኃይሉ ሌላ በመሣሪያ ብቻ የሚቀናበር ሥራ ሲያምረው ግን ጓደኞቹ ድምፃውያንን በካሴት በማጀብ ተወጥረው ነበር። ስለዚህ ከሂልተን ብዙም ወደማይርቀው ግዮን ሄደ። የግዮን ታዳሚ ከሂልተኑ ይልቅ ወጣትና አገሬው ይበዛበት ነበርና፣ የዳህላክ አጨዋወት እግርን የሚጠራ ነው። ይህ ለኃይሉ ሥራ ጠቀመው ባይ ነኝ። «ቸ በለው» ቁጭ ብለው የሚያደምጡት ሲሆን፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» ሰውን ከመቀመጫው ያስነሳል።

አሁን ወደ ጣቶቹ እንምጣ። ኦርጋን ለአገራችን ዜማ ገር መሣሪያ አይደለም። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ አንሸራቶ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ የዘፋኝ ጉሮሮም ይንቀጠቀጣል፣ ይሰበራል። የኦርጋን ቁልፍ ግን ወይ ተጭነኸዋል ወይ ለቀኸዋል፤ መሃል የለውም። እንደ ፒያኖ በኃይል ስለመታኸውም ድምፁ አይጎላም። ታዲያ እንጉርጉሮው ከየት ይመጣል? ከጣት አነሳስ ነው። ኃይሉ ወደ ዋናው ድምፅ ከመድረሱ በፊት ጎረቤቱን ነካ አድርጎ ያልፋል፤ ረጅሙን ድምፅ ይዞ ከቆየ በኋላ ጫፉን በአጭር ጌጥ ያጥፈዋል። ዘፋኝ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ እጁን ያነሳል። ኦርጋን ትንፋሽ አያልቅበትም፤ እሱ ግን እንደሚያልቅበት አድርጎ ይጫወታል። ልጅ ሳለ የጀመረው በአኮርዲዮን መሆኑን ልብ ይሏል፤ በአኮርዲዮን ላይ ነፋሱ ካልተገፋ ቁልፉ ብቻውን አይናገርም። ያ ልማድ ኦርጋኑ ላይም አልለቀቀውም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያገለግለው ደግሞ ቃሉን የምናውቀውን ዜማ ነው። ከካሴቱ «እምቧ በይ ላሚቱ»ን ተመልከቱ። ከብት ጠብቆ ያደገ ሰው ዜማው ሲጀምር ግጥሙ ራሱ ከአፉ ይወጣል። ኃይሉ ይህን አውቆ ለአድማጩ ቦታ ይተውለታል፤ ዜማውን በጌጥ ብዛት አይደብቀውም፤ ቃሉ የሚያርፍበትን ቦታ አይረግጥበትም። በዚያ ዘመን ግጥም ያለው ዘፈን በሳንሱር እጅ ማለፍ ነበረበት። ሰሚው ራሱ በልቡ የሚሞላውን ግጥም ግን ማን ይመረምራል?

ክፍሉም ከሙዚቀኞቹ እንደ አንዱ ነው። ናይት ክለብ በመስታወት የተከፋፈለ ክፍል የለውም፤ የከበሮው ድምፅ ሁሉም ዘንድ ይደርሳል፣ የቤዙ ጉርምርምታ ወለሉን ይዞ ይሄዳል። ብዙ የድምፅ ባለሙያ ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ ግን ሙዚቀኞቹ እርስ በርስ የሚደማመጡበትን ርቀት የምሰማው በዚሁ ነው፦ ኦርጋኑ ሐረጉን ሊጨርስ ሲል ሌሎቹ ሳይጠሩ ይገባሉ፣ መልሳቸውን ሰጥተው ይወጣሉ፣ ማንም ማንንም አይጋፋም።

ዋልያሶች በ1981 ወደ አሜሪካ ተጓዙ፤ ኃይሉ ዋሽንግተን ቀረ፣ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። በ1985 እዚያው ብቻውን፣ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ። የዚያን ካሴት አንድ ቅጂ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አገኘና በ2013 ዳግም አሳተመው፤ «ወደ ሐረር ጉዞ»ም ተከትሎ በ2016 ወጣ። ሁለቱን አከታትሎ መስማት ይገባል። «ሸሞንሟናዬ» ውስጥ ጣቶቹ ያው ናቸው፤ ምናልባትም ይበልጥ የበሰሉ። ማሽኑ ምቱን አይስትም፣ አይደክምም። ግን ኃይሉ ሐረጉን ጨርሶ እጁን ሲያነሳ የሚመልስለት ሰው የለም፤ ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል። ግዮን ላይ ያንን ክፍተት ስድስት ሰዓት ሌሊትም፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሌሊትም የሚያውቁት ሰዎች ይጠብቁት ነበር።