ባዕድን መፍራትና በዘር መናቅ፤ ስለ ጄምስ ቦልድዊን የስዊስ መንደር ድርሰት

ጄምስ ቦልድዊን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ በአንድ የስዊስ መንደር ስለ አሳለፈው ጊዜ የጻፈው አጭር ድርሰት እ.ኤ.አ. በ1953 በ«ሃርፐርስ» መጽሔት ወጣ፤ በ1955ም ከሌሎች ድርሰቶቹ ጋር በመጽሐፍ ታተመ። መንደሪቱ በቫሌ ግዛት በተራሮች መካከል የምትገኘው፣ በጀርመንኛ ሎይከርባድ፣ በፈረንሳይኛ ሎኤሽ ሌ ባን የምትባለው ናት። በዚያን ጊዜ የነዋሪዋ ቍጥር 600 ያህል ነበረ፤ እንደ ደራሲው አነጋገር ከርሱ በፊት ጥቁር ሰው ረግጧት አያውቅም። ባዕድን መፍራትና ሰውን በዘሩ መናቅ አንድ ነገር ናቸው ወይስ ሁለት? ለዚህ ጥያቄ የዚህን ድርሰት ያህል የጠራ ማስረጃ የያዘ ጽሑፍ አይበዛም። ይኹን እንጂ ማስረጃው ደራሲው ከሰጠው ፍርድ ጋር በሁሉም ስፍራ አይስማማም፤ ሊመረመር የሚገባውም በተለይ ይህ አለመስማማት ነው።

የመንደሩ ልጆች ደራሲውን ባዩት ቍጥር «ኔገር» እያሉ ይጮኻሉ። ጠጕሩን የሚነዝር ይመስል እየፈሩ ይነካሉ፤ ቀለሙ ይለቅ እንደ ኾነ ለማወቅ እጁን ይዳስሳሉ። አንዳንዱም ጠጕሩን አሳድጎ ካፖርት እንዲያሠራበት በቀልድ ይመክረዋል። ቦልድዊን በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፋት እንዳልነበረ ይመሰክራል፤ ነገር ግን የሚያዩት እንደ ሕያው ተአምር እንጂ እንደ ሰው እንዳልነበረ ይጨምርበታል። ከዚህም ተነሥቶ ሁለት ዐይነት መደነቅን ያነጻጽራል። ነጭ ሰው በመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መንደር ሲገባ ሕዝቡ ቢደነቅበት፣ ሊገዛና ሊያጠምቅ መጥቷልና መደነቁን እንደ ግብር ይቀበለዋል። ጥቁሩ ሰው ግን በስዊስ መንደር ሲደነቁበት የሚቀበለው ግብር የለውም፤ የሚደነቁበት ሰዎች ሥልጣኔ እርሱ ሳይወለድ በአያቶቹ ላይ ሠልጥኖ ነበረና። ሁለቱ ትዕይንቶች ለተመልካች አንድ ቢመስሉም፣ ኀይሉ በማን እጅ እንዳለ ሲጠየቅ ይለያያሉ። ከድርሰቱ ሁሉ የላቀው ክፍል ይህ ነው፤ ዛሬም የሚታረም ነገር አይገኝበትም።

እርምት የሚያሻው ሌላ ነው። ቦልድዊን መንደሩን የየዋህነት ምሳሌ አድርጎ፣ አሜሪካን ደግሞ የበደል ምሳሌ አድርጎ ያቆማል፤ የመንደሩ ሰው ጥቁርን ስለማያውቅ ብቻ የሚደነቅ ይመስላል። ነገር ግን ሎይከርባድ የፍል ውሃ አገር ናት። ሕመምተኞችና አካለ ስንኩላን ከሩቅ እየመጡ እንደሚታጠቡባት ከራሱ ከድርሰቱ ይነበባል። እንጀራዋን የምትበላው ከባዕዳን ነው ማለት ነው፤ ባዕድነት ብቻ ዐይኗን የሚያስፈጥጣት ቢኾን ኖሮ በየዓመቱ ስትደነግጥ በኖረች ነበር። ደግሞም አፍሪካዊን አይታ ባታውቅም ስለ አፍሪካዊ ሰምታለች። ከዐቢይ ጾም በፊት በሚደረገው በዓል ሁለት ልጆች ፊታቸውን አጥቍረው ለአፍሪካ ሚሲዮናውያን ገንዘብ ይለምናሉ፤ በተሰበሰበውም ገንዘብ መንደሪቱ ስድስት ወይም ስምንት አፍሪካውያን «እንደ ገዛች» የአንድ ቡና ቤት ባለቤት ሚስት በኵራት ነግራዋለች። ሴትዮዋ ነፍሳቸውን ማዳን ማለቷ ነበር። ቢኾንም የመንደሩ ሰው ጥቁርን በዐይኑ ከማየቱ አስቀድሞ የሚገዛ መኾኑን ተምሮ ነበርና፣ የዋህነቱ ደራሲው የሚያስበውን ያህል ንጹሕ አይደለም።

ከዚህ የባሰው የሁለተኛው ዓመት የበረዶ ወራት ነው። ደራሲው ተመልሶ በመጣ ጊዜ ብዙዎቹ ያውቁታል፤ ሰላም የሚሉትና የሚያጫውቱት አሉ። ነገር ግን አንዳንድ ሴቶች ሰላምታ ነፍገውታል፤ አንዳንድ ወንዶችም እንጨት ሰረቀ እያሉ ከበስተኋላው ያሙታል፤ ከስሙ ይልቅ የሚቀናቸውም ቀለሙን ከቈሻሻ ጋር ያጣመረ ስድብ ነው። ቦልድዊን ይህን በጥቂት ቃላት አልፎ ወደ አሜሪካ ታሪክ ይቸኵላል። ባይቸኵል በተሻለ ነበር፤ የጥያቄው ቍልፍ ያለው እዚህ ነውና። ፍርሃት ብቻ ቢኾን ኖሮ መተዋወቅ ሊያስታግሠው በተገባ፤ እዚህ ግን ሐሜቱ የተወለደው ከመተዋወቅ በኋላ ነው። እንጨት የጠፋበት ሰው ማናቸውንም መጤ ሊጠረጥር ይችላል፤ ይህ የባዕድ ፍርሃት ነው። ጥርጣሬው ከሰውዬው አልፎ ወደ ዘሩ ሁሉ የተሻገረበት ያ ስድብ ግን ከሌላ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ምንጩም የቡና ቤቷ እመቤት በኵራት ከተናገረችው ነገር የራቀ አይደለም።

በአሜሪካ ጥቁሩ ለነጩ ባዕድ አለመኾኑን ደራሲው በትክክል ተናግሯል፤ በማስረጃ ረገድ ግን ከታሪክ ይልቅ በስሜት ይደገፋል። ሕጉን ቢመለከት የበለጠ ባገኘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 የሉዊዚያና ግዛት ነጮችና ጥቁሮች በባቡር በተለያየ ፉርጎ እንዲሳፈሩ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ሕጉ የማይነካቸው ሰዎች ነበሩ፤ እነዚህም የሌላውን ዘር ሕፃን ይዘው የሚጓዙ ሞግዚቶች ናቸው። ነጭ ሕፃን ያቀፈች ጥቁር ሴት ከነጮች ጋር ትቀመጣለች፤ ሕፃኑን አስረክባ ብቻዋን ስትመለስ ግን ወደ ጥቁሮች ፉርጎ ትወርዳለች። እንግዲህ ሕግ አውጪውን ያስቈጣው መቀራረብ አልነበረም፤ ልጁን ለጡቷና ለክንዷ አደራ ሰጥቷልና። የፈለገው ቀርባ ሳለች ዝቅ እንድትል ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ይህን ሕግ ለመፈተን ኾን ብሎ በነጮች ፉርጎ የተቀመጠው ሆሜር ፕሌሲ ደግሞ ከስምንት እጅ ሰባቱ እጅ ነጭ ነበረ። በዐይን የሚለይበት ምልክት ስላልነበረው ሊታሰር የቻለው ጥቁር መኾኑን በማስታወቁ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 ፈረደበት። ዐይን ያላየውን ባዕድነት ማን ይፈራዋል?

ስዊስ ራሷ የባዕድ ፍርሃት ምን እንደሚመስል ቈይታ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 1970 ጄምስ ሽቫርትሰንባኽ የተባለው የምክር ቤት አባል ባቀረበው ሐሳብ ላይ ሕዝቡ፣ ያውም በዚያን ጊዜ ወንዶች ብቻ፣ ድምፅ ሰጠ። ሐሳቡ ከጄኔቭ በቀር በየግዛቱ የሚኖሩት የውጭ አገር ሰዎች ከመቶ 10 እንዳይበልጡ ይጠይቅ ነበረ። በመቶ 54 ድምፅ ተሸነፈ፤ 46ቱ ግን ደግፈውታል። በይበልጥ የታሰበባቸውም ሥራ ፍለጋ የመጡት ኢጣሊያኖች ነበሩ፤ እነዚህ ደግሞ ነጮችና ክርስቲያኖች ናቸው። ነገሩ ለኢጣሊያኖቹ መራራ እንደ ነበረ አይካድም፤ ጠባዩ ግን ልዩ ነው። ይህ ፍርሃት «ስንት ናችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለጥያቄውም በቍጥር መልስ ይቻላል፤ ልጆቹ ቋንቋውን ሲለምዱና ጐረቤት ሲኾኑም እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በሎይከርባድ ግን ጥቁሩ ሰው አንድ ብቻ ነበረ። ለዘር ንቀት አንድ ሰው ይበቃዋል።

ይህ ልዩነት በጥንቃቄ ካልተያዘ ለክፉ ሥራም ሊውል ይችላል። ክሎድ ሌቪ ስትሮስ እ.ኤ.አ. በ1971 በዩኔስኮ ባሰማው ንግግር፣ ማናቸውም ሕዝብ ለራሱ ልማድ ከማድላቱ የተነሣ ሌላውን መራቁ ዘረኝነት ከሚባለው ጋር መደባለቅ እንደሌለበት አስጠንቅቆ ነበር። የተናገረው እውነት ነው። ነገር ግን እንግሊዛዊው ማርቲን ባርከር በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በአገሩ የነበሩ ፖለቲከኞች «ባዕድን መፍራት የሰው ተፈጥሮ ነው» በሚለው አነጋገር ተከልለው አሮጌውን ንቀት በአዲስ ስም ሲያቀርቡት ታይተዋል። ንቀት ተፈጥሮ ነው ከተባለ ያደረገው ሰው አይገኝም፤ የሚጠየቅም አይኖርም። ስለዚህ ሁለቱን የሚለይ ሰው ለየትኛው ወገን መሸሸጊያ እያበጀ እንደ ኾነ ራሱን መጠየቅ አለበት።

ድርሰቱ ወደ አማርኛ ቢመለስ ርእሱ ተርጓሚውን ያስቸግረዋል። «እንግዳ» ቢለው፣ በአማርኛ እንግዳ የማይታወቅ ሰው ብቻ ሳይኾን የሚስተናገድም ሰው ነውና አንባቢው እግር አጠባ ይጠብቃል። በገጠር መሽቶበት «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ከደጅ የሚጣራ መንገደኛ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ የገባባቸው አገሮች፣ አባቱንና አያቱን የሚያውቁትን ቀጥቃጭ ግን ቡዳ ነው ይሉት ነበር። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ከርሱ እጅ ይገዛል፤ ልጁን ግን አይድርለትም፤ በልጁ ላይ ዐይኑ እንዳያርፍም ይሠጋል። ይህ ቀጥቃጭ በቀለም፣ በቋንቋ፣ ብዙ ጊዜም በሃይማኖት ከጐረቤቶቹ አይለይም። የሚቈጠርበት አጥንቱ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሞያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያመለክታል። እንግዳን የሚያከብርና ጐረቤትን የሚንቅ አንድ ያው ገበሬ ሊኾን መቻሉ፣ የዘር ንቀት የባዕድ ፍርሃት ሲያድግ የሚኾነው ነው የሚለውን ሐሳብ ለመቀበል ያስቸግራል።

«ባዕድ» የሚለው ቃል ለርእሱ የተሻለ ይመስላል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ሰው በሚገባ ይገልጸዋልና። እንጨት ሰረቀ ተብሎ ለሚታማው ለሁለተኛው ዓመት ሰው ግን ከአማርኛ የሚቀርበው ቃል፣ መንደርተኛው ማረሻውን ከገዛ በኋላ በቀጥቃጩ ጀርባ የሚናገረው «ጠይብ» የሚለው ስድብ ነው።